ግድግዳው ወፍራም ከሆነ የሙቀት መከላከያ ለምን? የአንድ ክር ውሎ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን ውይይት፣ የከፈተው ሰው ጠየቀ ከሚባል ፈረደ ቢባል ይቀላል። ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት ሊሠራ ነው። ግድግዳውን በ40 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ወይም በ20 ሴንቲ ሜትር አርማታ ያቆመዋል። ከባድ ግድግዳ የቀኑንም ሙቀት የሌሊቱንም ብርድ ስለሚመክት በላዩ ላይ ፎም መለጠፍም ሆነ ሱፍ ማልበስ ገንዘብ መበተን ነው ባይ ነው። ጥያቄ የምትመስለው የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ናት፦ በ50 ዓመት ውስጥ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ አነስተኛ ኃይል የሚያስወጣው የትኛው ማቴሪያል ነው? የቦታውን የአየር ጠባይ አልተናገረም። ይህች ጉድለት ኋላ ላይ ጠብ ጭራለች።

ምላሽ 1 በጨዋ ደንብ ይጀምራል። ሙቀትን ማከማቸትና ሙቀትን ማገድ ሁለት ሥራዎች ናቸው፣ አንዱን የሚችል ሁሉ ሌላውን አይችልም ይላል። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 2.2 ሜጋጁል ገደማ ይውጣል፤ ጎተራነቱ አያጠራጥርም። ማገድ ላይ ግን ደካማ ነው። ላምዳ የሚባለው ሙቀት የማሳለፍ ልክ ለአርማታ 2 አካባቢ ነው፤ ለሸክላ ጡብ ከ0.6 እስከ 0.8፣ ለለስላሳ እንጨት 0.13፣ ለድንጋይ ሱፍና ለነጩ ፎም ከ0.032 እስከ 0.040 ይደርሳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ምላሽ 2 አጭር ነው። ለጠያቂው ይወግናል፣ ግን ምክንያት ይዞ። የ30 ሴንቲ ሜትር የጭቃ ጡብ ግድግዳ የውጭውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጅበታል፤ የቀትሩ ግለት ወደ ክፍሉ ሲደርስ ውጭው ቀዝቅዟል፣ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይቻላል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት አገር ሁሉ ሰዎች ወፍራም ግድግዳ የመረጡት ከድንቁርና አይደለም ሲል ይዘጋል።

ምላሽ 3 ይህን ተቀብሎ ወሰን ያበጅለታል። ከባድ ግድግዳ የሚሠራው የቀንና የሌሊቱን ልዩነት ማለዘብ ነው፤ አማካዩን አይነካውም። ውጭው ከ12 እስከ 32 ዲግሪ እየዋለለ አማካዩ 22 ከሆነ ግድግዳው ወደ 22 ያስጠጋል፣ ማሽንም ላያስፈልግ ይችላል። አማካዩ 8 ወይም 33 ከሆነ ደግሞ ያው ግድግዳ 8ቱን ወይም 33ቱን ታማኝ ሆኖ ያስገባል። ክሩ ውስጥ ከተባለው ሁሉ ለጠያቂው የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፤ ያጨበጨበለት ግን አልነበረም።

ምላሽ 4 ስሌት ይዞ መጣ። የአንድን ንብርብር መቋቋም ለማግኘት ውፍረቱን በሜትር ወስዶ ለላምዳው ማካፈል ነው። የ20 ሴንቲ ሜትር አርማታ 0.2 ለ2 ሲካፈል 0.1 ይሆናል። በውስጥ ገጽ ላይ የሚተኛው አየር 0.13፣ በውጭው ያለው 0.04 ይጨምራል፤ ድምሩ 0.27። አንድን ለዚህ ድምር ማካፈል የዩ ዋጋን፣ ማለትም በግድግዳው የሚያመልጠውን ሙቀት ልክ፣ ይሰጣል፦ 3.7 ዋት በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት። የጠያቂው የ40 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ፣ ላምዳውን 2 ብንል፣ 2.7 ይወጣዋል። በአርማታው ላይ ላምዳው 0.036 የሆነ ፎም ሲጨመር 5 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 0.60፣ 10 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 0.33፣ 15ቱ ወደ 0.225፣ 20ው ወደ 0.17 ያወርደዋል። የመጀመሪያዋ 5 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን ሥራ ጨርሳለች። ከዚያ ትንሽ ሽሙጥ ያለባት ዓረፍተ ነገር አከለ፦ 0.33ን በድንጋይ ብቻ እናምጣ ከተባለ ግድግዳው 5.7 ሜትር ገደማ መወፈር አለበት።

ምላሽ 5 የአየር ጠባዩን ሳያውቁ ማስላት ከንቱ ነው ብሎ ሁሉንም ይወቅሳል፣ ግን መላውን ይሰጣል። ማሞቂያ በሚያስፈልግባቸው ቀናት የውጭው አማካይ ማሞቂያ ከሚጀመርበት የሙቀት መጠን ምን ያህል ዲግሪ እንደሚያንስ ለዓመቱ መደመር ነው፤ ይህ የዲግሪ ቀን ይባላል። የዩ ዋጋ በግድግዳው ስፋት፣ በዲግሪ ቀኑና በ24 ይባዛል፤ ለ1,000 ሲካፈል በኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። 100 ካሬ ሜትር ግድግዳ ባለበት፣ 2,000 የዲግሪ ቀን ባለው ቦታ፣ ባዶው አርማታ በዓመት 17,760 ኪሎዋት ሰዓት ያስወጣል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ፎም የለበሰው 1,584። የዲግሪ ቀኑ 500 ከሆነ ሁለቱም ቁጥሮች በአራት ይካፈላሉ። ጠያቂው ይህን አንድ ቁጥር ሳይናገር ሌሎችን ማድከሙ ነውር ነው ብሎም ጨመረበት።

ምላሽ 6 ላይ ድምፁ ይሾላል። ፎቅ የሌለው ቤት እየተሠራ አምስት ሰው በተከታታይ ስለ ግድግዳ ማውራቱ እንዳስገረመው ይገልጻል። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ግድግዳው የሚያገኘው ጎን ለጎን ነው፤ ጣሪያው ግን ሙሉውን ይቀበላል። ቆርቆሮ በጠንካራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የብረቱ መቋቋም ከዜሮ አይለይም፤ ከሥሩ ባዶ ኮርኒስ ካለ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። መድኃኒቱ ከቆርቆሮው ሥር የሚያብለጨልጭ ፎይል መዘርጋት ነው ይላል።

ምላሽ 7 ከጣሪያው ይስማማል፣ ከፎይሉ አይስማማም። ፎይል የሚሠራው ጨረርን በመመለስ ስለሆነ በሚያብለጨልጨው ፊቱ በኩል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር አየር ይፈልጋል። ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩም ሱፍ ተጭኖት ሲሠራ ብረት ሆኖ ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መዘርጋትም አቧራ ሲተኛበት ኃይሉን ያሳጣዋል፤ ስለዚህ የሚያብለጨልጨው ፊት ወደ ታች፣ ወደ አየሩ መዞር አለበት። በብርድ ወራት ደግሞ ሙቀቱ በሚንሳፈፍ አየር ስለሚወጣ ፎይል ብቻውን አይበቃም።

ምላሽ 8 የኮርኒሱን ነገር ቀጠለ። 100 ካሬ ሜትር ኮርኒስ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ሱፍ ሲተኛ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 18 ዋት ያህል ያመልጣል። ከዚህ ውስጥ 3 ካሬ ሜትሩ፣ ማለትም በአምፖሎች ዙሪያ፣ በጠርዙና በመውጫው ክዳን ላይ ያለው፣ ሳይሸፈን ከቀረ እነዚያ 3 ካሬዎች ብቻቸውን 9 ዋት ይጨምራሉ። ሱፉን መርገጥ ወይም ዕቃ መጫንም ክልክል ነው፤ ሲታመቅ የያዘውን አየር ያጣል፣ ውፍረቱም ይሰረቃል። ይህን የጻፈው ሰው ሥራውን በእጁ እንደሚያውቀው ያስታውቃል።

ምላሽ 9 ወደ ግድግዳው መለሳቸው። አረፋ ያለበት ቀላሉ ብሎክ፣ ኤኤሲ የሚሉት፣ ሁለቱንም ጭቅጭቅ ይጨርሳል ባይ ነው፦ ክብደቱ በሜትር ኩብ ከ400 እስከ 600 ኪሎ፣ ላምዳው 0.12 አካባቢ፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ብቻውን፣ ያለ ፎም፣ 0.37 ያመጣል። ቆርጦ ማስተካከልም በእጅ መጋዝ ይቻላል።

ምላሽ 10 ብሎኩን ሳይሆን አገጣጠሙን ይጠይቃል። ያ ቁጥር የሚገኘው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ልዩ ቀጭን ማጣበቂያ ሲደረደር ነው። ግንበኛው እንደለመደው በ1 ሴንቲ ሜትር የሲሚንቶ ሞርታር ከደረደረው፣ 60 በ25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ብሎክ የግድግዳው ፊት 5.4 በመቶ ያህሉ ሞርታር ይሆናል። የሞርታሩ ላምዳ 1 ገደማ ስለሆነ የግድግዳው አማካይ ከ0.12 ወደ 0.17 ይዘላል፤ 0.37 የነበረው የዩ ዋጋ 0.52 ይገባል። ብሎኩ ያው ነው፣ የተከፈለበትም ያው ነው።

ምላሽ 11 ከዚህ ላይ ቀጥሎ የሙቀት ድልድይን ያነሳል። ኤኤሲው መሐል የሚቆሙት የአርማታ ኮለኖች፣ ከመስኮት በላይ ያሉት ቢሞች፣ በተለይ ከቤት ወደ በረንዳ ሳይቆረጥ የሚወጣው ሶሌታ (የአርማታ ወለል)፣ ሙቀቱን በአቋራጭ ያስወጡታል። በረንዳው ሙቀት አስወጪ ክንፍ ሆኖ ይሠራል፤ በክፍሉ ጥግ ላይ ኮርኒሱ ሥር የሚታየው ጥቁር ሻጋታ ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ምላሽ 12 በሁለት መስመር ጽሑፍ፣ የብረት ስካፎልድ ላይ ጂፕሰም ቦርድ የሚያስሩትን ያስጠነቅቃል፦ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት በቆሙ የብረት ምሰሶዎች መካከል 9 ሴንቲ ሜትር ሱፍ ሲሞላ የሱፉ መቋቋም ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ እንጨት ቢሆን ጉዳቱ እጅግ ያንሳል። (ስካፎልድ ያለው ፍሬሙን ለማለት ይመስላል፤ ማንም አላረመውም።)

ምላሽ 13 ጠያቂው ራሱ ነው፣ ተቆጥቶ። ሁሉም ፎም ሻጭ ሆኖብኛል፣ ድንጋይ የሠሩ አያቶች ሞኝ ነበሩ ወይ ይላል። ምላሽ 14 ደግሞ በዘይቱ ላይ ክብሪት ጫረ፦ አያቶች አንዱን ክፍል በእሳት እያሞቁ ወፍራም ልብስ ለብሰው ይኖሩ ነበር፤ ጠያቂው ግን ቤቱን ሙሉ 21 ዲግሪ ሊያደርግ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ አይሠራም፣ ካልኩሌተርም ፎም አይሸጥም። ነገሩ እውነት ነው፤ አነጋገሩ ግን ሰውየውን ለሁለት ቀን አስኮርፎታል።

ምላሽ 15 የተቆጡትን ሁሉ ትቶ ወደ ውኃ ይገባል። 20 ዲግሪ የሞቀና 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 9.3 ዲግሪ ከሆነ ገጽ ጋር ሲገናኝ ጤዛ ይጥላል፤ ሻጋታ ግን ቀድሞ፣ ገጹ ከ12.6 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ መመቻቸት ይጀምራል። ውጭው ዜሮ ሲሆን የባዶው አርማታ የውስጥ ገጽ 10.4 ዲግሪ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ፎም ከውጭ ከለበሰ 19 ያልፋል። ያው ፎም ከውስጥ ቢለጠፍስ? የዩ ዋጋው አይለወጥም፣ ከፎሙ ጀርባ ያለው የአርማታ ፊት ግን 1 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በመጋጠሚያ ወይም በሶኬት ቀዳዳ የገባው የክፍሉ አየር እዚያ ላይ ውኃ ይሆናል፣ ማንም ሳያየው። ከውስጥ መለጠፍ ግድ ከሆነ መጋጠሚያው ሁሉ አየር እንዳያሳልፍ ሆኖ መዘጋት አለበት። ሌላም ልዩነት ጠቅሷል፦ ከውጭ የለበሰ 20 ሜትር ኩብ አርማታ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ ለሚኖርበት ቤት ይህ በረከት ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሚከፈት ቤት ዕዳ።

ምላሽ 16 የጭቃ ግድግዳን ጉዳይ ከውኃው ጋር ያያይዛል። የጭቃ ጡብን በሲሚንቶ ልስን ማልበስ ጥንካሬ መስጠት ይመስላል፤ ግን ልስኑ ስንጥቅ ሲያበጅ ዝናቡ ይገባል፣ ተመልሶ መውጫ የለውም፤ ጭቃው ከውስጥ ይላላል፣ እርጥቡ ግድግዳም ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ያሳልፋል። ከዓመታት በኋላ ልስኑ በገበታ በገበታ ተላቆ ሲወድቅ ጭቃውን ይዞት ይመጣል። የሚስማማው በኖራ ወይም በጭቃ መመረግ፣ ሰፊ ክፈፍ፣ ከመሬት እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ድረስ የድንጋይ መሠረት ነው።

ምላሽ 17 አዲስ ጠብ ይዞ ብቅ አለ፦ ፎሙን ለማምረት የወጣው ኃይልስ? ሲሚንቶውስ? የሲሚንቶ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው በምድጃ የተቃጠለ ድንጋይ) ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን አብዛኛው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ መፍረስ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብናነደውም አይጠፋም። እንጨት፣ ጭድና ጭቃ እያሉ ስለ ፎም ማውራት ግብዝነት ነው ይላል። የተጨመቀ የጭድ ነዶ ላምዳው 0.05 አካባቢ መሆኑን ማስታወሱ ተገቢ ነበር፤ ከደረቀና ደርቆ ከቆየ።

ምላሽ 18 መልሱን በአኃዝ ሰጠው፤ ለሁለቱም ወገን የሚጎረብጥ አኃዝ። አንድ ካሬ ሜትር የ10 ሴንቲ ሜትር ፎም 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለአንድ ኪሎ 90 ሜጋጁል ያህል ቢፈጅ በካሬው 50 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በ2,000 የዲግሪ ቀን ባዶ አርማታ ላይ ሲለጠፍ በዓመት በካሬው 162 ኪሎዋት ሰዓት ያድናል፤ ዕዳውን በመጀመሪያው ክረምት ይከፍላል። ከ15 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ማወፈር ግን 25 ኪሎዋት ሰዓት አስወጥቶ በዓመት የሚያድነው 2.6 ብቻ ነው፤ ወደ 10 ዓመት። በ500 የዲግሪ ቀን ደግሞ ወደ 40። ስለዚህ ባነሰ ብርድ ፎም ማብዛት ምላሽ 17 እንዳለው ነው፤ ጨርሶ መተው ግን ጠያቂው እንዳለው አይደለም።

ምላሽ 19 እሳትን አነሳ። ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ታወር በደረሰው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞተዋል፤ ግድግዳውን የለበሱት የአሉሚኒየም ገበታዎች መሐላቸው ፖሊኢትሊን የተባለ የሚነድ ፕላስቲክ ነበር። ነጩ ፎም 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ቀልጦ ይነዳል። የድንጋይ ሱፍ አይነድም። ፎም የመረጠ ሰው ቢያንስ ከየመስኮቱ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሱፍ ቀበቶ ያስገባ ይላል።

ምላሽ 20 ረጅሙ ነው፣ ስለ ፎሙ አለጣጠፍ ብቻ። ማጣበቂያው በገበታው ዙሪያ ሳይቋረጥ ይቀባል፣ መሐሉ ላይ ሦስት ጉብታ ይጨመራል፤ ከገበታው ፊት ቢያንስ 40 በመቶው መያዝ አለበት። ጉብታ ብቻ ከሆነ ከጀርባው አየር ይመላለሳል፣ ገበታውም በሙቀት ይጎብጣል፤ በጠዋት ፀሐይ የግድግዳው መስመሮች ሁሉ የሚታዩት ለዚህ ነው። ገበታዎች እንደ ጡብ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ በመሐላቸው የቀረ ክፍተት በፎም ቁራጭ ይሞላል እንጂ በማጣበቂያ አይደፈንም፣ ማጣበቂያው ራሱ ድልድይ ይሆናልና። የመስኮት ጥግ ላይ መጋጠሚያ አይውልም፤ ገበታው በኤል ቅርጽ ይቆረጣል። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ በካሬ ሜትር ከ6 እስከ 8 ፊሸር ይመታል። በፀሐይ ቢጫ የሆነ ፎም ተፍቆ ዱቄቱ ካልተጠረገ ልስኑ አይይዝም። የፋይበር መረቡ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ልስን መሐል ይሰጥማል፤ ፎሙ ላይ በደረቁ ተዘርግቶ በላዩ ከተለሰነ እንዳልነበረ ነው። መደራረቡ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በየመስኮቱ ጥግ ተጨማሪ ቁራጭ በሰያፍ። ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ውኃ የማይጠጣው ጠጣሩ ፎም፣ ኤክስፒኤስ የሚሉት፣ ይደረግ፤ ነጩ ፎም እዚያ ውኃ ይጠጣል። ጥቁር ቀለም አይቀባ።

ምላሽ 21 መስኮትንና አየርን በአንድ አንቀጽ ጠቅልሎ አለፈ። 15 ካሬ ሜትር ነጠላ መስታወት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 85 ዋት ያወጣል፤ የለበሰው 100 ካሬ ግድግዳ ሁሉ ግን 33። ጋዝ የተሞላና ስስ ሽፋን ያለው ድርብ መስታወት 18 ያደርገዋል፣ የአሉሚኒየሙ ፍሬም መሐሉ በፕላስቲክ ካልተቆረጠ ግን ትርፉ ይበላል። በ250 ሜትር ኩብ ቤት ውስጥ አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ በስንጥቅ ከተለዋወጠ 82 ዋት ይሄዳል። በሞቃት አገር ደግሞ ከመስታወቱ ውጭ የሚደረግ ጥላ ከውስጥ መጋረጃ ይበልጣል፤ መጋረጃ የሚያግደው ከገባ በኋላ ነው።

ከምላሽ 22 እስከ 25 ድረስ ክሩ መስመሩን ስቶ ኤኤሲ ግድግዳ ላይ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን እንዴት ይሰቀላል በሚል ጨዋታ አልፏል። የተለመደው ፊሸር እየተፈረፈረ ይወጣል፤ ለኤኤሲ የተሠራው ጥርሱ ሰፊ የሆነው ያስፈልጋል፣ ቀዳዳውም ያለ መዶሻ ምት ይበሳል። አንዱ ከዚያ ሁሉ ሳጥኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል ብሎ አሳቃቸው።

ምላሽ 26 የጠያቂው ነው፣ ለዝቦ። የዲግሪ ቀኑ 1,400 ገደማ መሆኑን ነግሯቸዋል። አርማታውን በብሎኬት ለውጦ ከውጭ 10 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ሱፍ፣ ኮርኒሱ ላይ 20 ሊያደርግ ነው፤ መስኮቱን ከብሎኬቱ መሐል ሊተክል አስቧል።

ምላሽ 27 መስኮቱ ላይ አስቆመው። ፍሬሙ መሐል ላይ ከተተከለ በዙሪያው ያለው ብሎኬት ባዶውን ይቀራል፤ ወደ ብሎኬቱ የውጭ ፊት ተገፍቶ ሱፉ በፍሬሙ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር መደረብ አለበት። ግድግዳው ከውጭ ሲወፍር የመስኮቱ ደፍ ያጥራል፣ የጣሪያው ክፈፍ ያጥራል፣ የአሸንዳው ቱቦ ማሰሪያም አይደርስም፤ ደፉ ካለቀው ልስን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ካልተንጠለጠለ የዝናቡ ውኃ በቀጥታ ወደ ሱፉ ይገባል። ቆርቆሮው ገና ካልታዘዘ ርዝመቱ ዛሬ ይታረም ብሎ፣ ለእያንዳንዱ ጎን 12 ሴንቲ ሜትር እንዲጨመር ጻፈለት።